እርፍ ሳይጨብጡ እርሻ ያስተማሩ ሴቶች

በአንድ የገጠር ቀበሌ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያስተምሩ ሁለት ዓይነት የመንግሥት ሠራተኞች አሉ። አንዶቹ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ገደማ ሲጀመር ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሠራተኞች እንዲመደቡ ተወሰነ፤ ከአርብቶ አደር አካባቢዎች በስተቀር ሁሉም ማለት ይቻላል ሴቶች ሆኑ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በለጠ። ሌሎቹ የግብርና ልማት ሠራተኞች፣ በተለምዶ ዲኤ የምንላቸው ናቸው። ለየቀበሌው ሦስት ናቸው፤ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት። እነዚህ ደግሞ በአብዛኛው ወንዶች ናቸው።

የሚሄዱበት ቤት ያው ነው፤ ጭቃውም፣ ውሻውም፣ ዳገቱም ያው ነው። ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ክትባት ሲሆን መንግሥት ሴት ልጅ ቤት ለቤት ዞራ ታስተምራለች ብሎ አመነ። ስለ ስንዴና ስለ ባቄላ ሲሆን ግን ወንድ ላከ። ይህን ጥያቄ በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ያነሱ አባላት ነበሩ፤ «ሴቶች ግብርና አይወዱም» የሚል መልስም ከመካከላችን ተሰጥቶ ነበር። እኔን አላረካኝም። የታሪክ ምሁር አይደለሁም፤ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ነገር ግን አንድ ሂሳብ አልገጥም ሲል ከየትኛው ወር ጀምሮ እንዳልገጠመ ወደ ኋላ እየሄዱ መፈለግ የየቀን ሥራዬ ስለሆነ፣ ይህንንም እንደዚያው አድርጌ ለመጻፍ ሞከርኩ።

ከሁሉ አስቀድሞ ከበሬው መጀመር አለብን። በእኛ አገር ደጋ «ገበሬ» ማለት ጥማድ በሬ ያለውና እርፍ የሚጨብጥ ሰው ማለት ነው። ሴቷ ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ አውድማ በእበት ትለቀልቃለች፣ ትሸከማለች፣ ዘር ትመርጣለች፣ ጎተራውን ትጠብቃለች፣ ላም ታልባለች፣ ዶሮ ታረባለች፣ ጓሮ ትተክላለች፣ ኩበት ትጠፈጥፋለች። ይህን ሁሉ ሠርታ ሥራዋን ስትጠየቅ «የቤት እመቤት» ትላለች። እኔ ራሴ የማኅበራችንን የአባልነት ቅጽ ስሞላ ይህን መልስ ቁጥር ስፍር የሌለው ጊዜ ጽፌዋለሁ።

የዴንማርኳ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ኤስተር ቦዘረፕ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ነገር በዓለም ደረጃ አይተውታል። በዶማና በመኮትኮቻ በሚታረስበት አገር እርሻው በአብዛኛው የሴት ሥራ ነው፤ በሬና ማረሻ በገባበት አገር ደግሞ የወንድ ይሆናል ይላሉ። በእኛም አገር ልዩነቱ ይታያል፤ በደቡብ እንሰት በሚተከልበት አካባቢ የሴቷ ቦታ ከእኛ ከእህል አምራቾቹ የተለየ ነው። ቦዘረፕ ሌላም ነገር ጽፈዋል። ዘመናዊ የእርሻ ትምህርት በመጣ ጊዜ፣ ሴቶች ዋና ገበሬ በሆኑበት አፍሪካ ውስጥ ሳይቀር፣ የተማሩት ወንዶች ናቸው። በዚህም የወንዱ ዕውቀት እያደገ፣ የሴቷ በነበረበት ቀረ። ይህን ካልን በኋላ፣ ማረሻ በነገሠበት በእኛ አገር ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ከእኛ ከደነባ ብዙም ሳይርቅ፣ በጎረቤታችን በሞረትና ጅሩ፣ የእነዋሪ ሜዳ አለ። ሁላችንም እንደምናውቀው መረሬ አፈር ክረምት ሲሆን ውኃ ይቋጥራል፤ የተዘራው ይቢጫል፣ ይበሰብሳል። ስለዚህ በብዙ ቦታ ገበሬው ዝናቡ እስኪወጣ ጠብቆ በመስከረም አካባቢ፣ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራል። የእነዋሪ ሰዎች ግን ከጥንት ጀምሮ የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ማሳው ከታረሰ በኋላ አፈሩን በእጅ እየዛቁ ሰፋ ያለ መደብ ይሠራሉ፤ በመደቦቹ መካከል ውኃው የሚወርድበት ቦይ ያወጣሉ። በሬ የማይገባበት፣ ጎንበስ ብለው ቀኑን ሙሉ የሚሠሩት ሥራ ነው። ይህን በእጁ የሚሠራው ቤተሰቡ ነበር፤ በተለይም ሴቶችና ልጆች።

በ1978 ዓ.ም. ገደማ ይህን የመረሬ አፈር ጉዳይ የሚያጠና ፕሮጀክት ተጀመረ። የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል (በአጭሩ ኢልካ)፣ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የዓለማያ እርሻ ዩኒቨርሲቲ፣ የግብርና ሚኒስቴርና የሕንዱ የምርምር ተቋም ኢክሪሳት አብረው ሠሩበት። ተመራማሪዎቹ እነዋሪ ላይ በእጅ የሚሠራውን መደብ አይተው በበሬ የሚሠራበትን መሣሪያ አወጡ። ሁለት ማረሻዎችን በማጣመር መደቡንና ቦዩን በአንድ ጊዜ የሚያወጣ ነው፤ ዛሬ ቢቢኤም የምንለው የዚያ ልጅ ነው። በሱም ስንዴ በክረምቱ መካከል ተዘርቶ ውኃ ሳይተኛበት እንዲበቅል ተቻለ።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ይህ መሣሪያ የብዙ ሴቶችን ወገብ አሳርፏል። ቢቢኤም አይግባ የምትል የጅሩ ሴት የምትኖር አይመስለኝም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። መደብ እንዴት እንደሚወጣ፣ ውኃው በየት በኩል እንደሚሸሽ፣ ቁመቱ ምን ያህል ቢሆን ዘሩ እንደማይሰምጥ ለብዙ ትውልድ በእጃቸው የሚያውቁት ሴቶች ነበሩ። ሥራው ከእጅ ወደ በሬ ሲዞር ትምህርቱም እርፍ ወደሚጨብጠው ዞረ። አስተማሪ መሆን የሚችሉት ሴቶች ተማሪ እንኳ ሳይሆኑ ቀሩ። በአገራችን ሴቶች እርሻ ያላስተማሩት ስለማያውቁ ነው የሚል ሰው ካለ የእነዋሪን ሜዳ አይቶ ይመለስ።

ሁለተኛው ምክንያት ከውጭ የመጣ ነው። ከበሬው ይልቅ ብዙ ሰው የማያውቀው ይህንን ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ።

በ1944 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት «ፖይንት ፎር» በሚባለው የአሜሪካ ዕርዳታ አማካይነት ከኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ጋር ስምምነት አደረገ። ትምህርቱ መጀመሪያ ጅማ ላይ ተጀመረ፤ በ1949 ዓ.ም. የዓለማያ ግቢ ተከፈተ፤ በጥር 1950 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተመረቀ። ኮሌጁ የተቋቋመው በአሜሪካ ልማድ ማስተማርን፣ ምርምርንና ለገበሬው ትምህርት ማድረስን በአንድ ላይ እንዲይዝ ነው። በመሆኑም ዛሬ ኤክስቴንሽን የምንለው ሥራ በመጀመሪያ በዚያው ኮሌጅ ሥር ነበር፤ ወደ ግብርና ሚኒስቴር የተዛወረው በ1955 ዓ.ም. ገደማ ነው።

አሜሪካኖቹ ይዘውት የመጡት አሠራር ግን ቀድሞውኑ በሁለት የተከፈለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1914 በአገራቸው የኤክስቴንሽን ሕግ ሲወጣ ሥራው «እርሻና የቤት ኢኮኖሚክስ» ተብሎ ተሰየመ። ወንዱ ሠራተኛ ወደ ማሳ፣ ሴቷ ሠራተኛ ወደ ጓዳ። የሚገርመው ከዚያ በፊት የነበረው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ማሪ ክሮመር የምትባል የገጠር መምህርት በደቡብ ካሮላይና ክፍለ ሀገር ለልጃገረዶች የቲማቲም ክበብ አቋቋመች። እያንዳንዷ ልጅ አንድ አሥረኛ ኤከር መሬት ላይ ቲማቲም ትተክላለች፣ ቲማቲሙን በጣሳ አሽጋ ትሸጣለች፣ ወጪና ገቢዋንም በደብተር ትይዛለች። ይህን ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደብተር የምትይዝ ልጅ ነገሯ ይገባኛል። መሬት አዘጋጅታ፣ ዘርታ፣ አርማ፣ ለቅማ፣ ሸጣ፣ ሂሳብ የዘጋች ልጅ እርሻ ሠርታለች እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ሕጉ ሲመጣ ግን እንዲህ ያለው የልጃገረዶች ሥራ «የቤት» በሚለው ስም ሥር ገባ።

ያ አከፋፈል ተጠቅልሎ ወደ እኛ መጣ። ቀድሞውኑ እርፍ የወንድ ነው በሚል አገር ላይ ሲያርፍ ደግሞ ማንም አልተከራከረውም። ዓለማያና ጅማ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የወንዶች ቦታ ነበሩ። ሴቶቹ ወደ ገጠር ሥራ የገቡት የቤት ኢኮኖሚክስ በሚባለው በር ነው። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ዕርዳታ አሰላ ላይ የተጀመረው የጭላሎ ፕሮጀክት (ካዱ) የሴቶች ክፍል ነበረው። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የሐዋሳ እርሻ ኮሌጅም የቤት ሳይንስን በዲፕሎማ ያስተምር ነበር። ከእነዚህ ቦታዎች የወጡ ሴቶች በየአውራጃው ተመድበው የገጠር ሴቶችን አስተማሩ።

ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ከእነዚህ ሴቶች አንዷ የነበሩ፣ ዛሬ ጡረታ የወጡ እናት አውቃለሁ። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። ቡና ላይ ስለ ሥራቸው ስጠይቃቸው መጀመሪያ ያሉኝ «ወጥ አሠራር ነበር የማስተምረው» ነው። ቆየት ብለው ሲያወሩ ግን ሌላ ነገር መጣ። ካሮትና ጥቅል ጎመን አስተክለዋል፤ የፈረንጅ ዶሮ አከፋፍለው በሽታውን ተከታትለዋል፤ ነቀዝ እንዳይገባበት ባቄላ እንዴት እንደሚቀመጥ አሳይተዋል፤ ጥጃ እንዴት ከላሟ እንደሚለይ፣ ወተት እንዴት ሳይበላሽ ገበያ እንደሚደርስ አስተምረዋል። አብረዋቸው የሚሠሩት ወንዶች ሞተር ብስክሌት ሲሰጣቸው እሳቸው በእግራቸው ወይም በተውሶ በቅሎ ይሄዱ ነበር። የሚሞሉት የሪፖርት ቅጽ «የምግብ ዝግጅት ትርዒት ብዛት» የሚል ዓምድ ነበረው፤ ስለተተከለው ካሮት የሚጠይቅ ግን አልነበረውም። ስለዚህ ካሮቱን ያስተከሉበትን ጊዜ ሁሉ «የምግብ ዝግጅት» እያሉ ሞሉት።

እኔ በሙያዬ ይህን በሚገባ አውቀዋለሁ። ዓምድ የሌለው ሥራ አይደመርም፤ ያልተደመረ ሥራ በሚቀጥለው ዓመት በጀት አይመጣለትም። እትዬ ግን ነገሩን የሚያነሱት እንደ ቅሬታ አይደለም። በቅሎዋ ወንዝ መካከል ቆማ አልሄድም ያለችበትን ቀን ሲያወሩ እስኪያነባቸው ነው የሚስቁት።

በመካከሉ አብዮቱ መጣ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ፤ ሴት ተማሪዎችም ከእነሱ መካከል ነበሩ። ከተማ ያደገች ልጅ ካኪ ለብሳ በገበሬ ፊት ቆማ ስለ መሬት ስትናገር ያኔ ብዙ ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም አንድ ትልቅ ቃል ነበረበት። የፆታ ልዩነት ሳይደረግ፣ ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ማንኛውም ሰው መሬት ያገኛል ይላል።

አዋጁን እስከ ታች ለሚያነብ ግን ሌላ ነገር አለ። ሰው ቀጥሮ ማሳረስ ተከልክሎ ሳለ፣ ክልከላው ከማይመለከታቸው ሰዎች መካከል ሌላ መተዳደሪያ የሌላት ሴት ከሕመምተኛውና ከአዛውንቱ ጋር ተቆጥራለች። ለደግነት የተጻፈ እንደሆነ አያጠራጥርም፤ ባሏ የሞተባት ሴት እንዳትራብ ነው። ነገር ግን በአንድ በኩል እኩል ናት ያለው ሕግ በሌላ በኩል ማረስ እንደማትችል አስቀድሞ ወስኗል። በተግባርም መሬቱ የተመዘገበው በቤተሰቡ ኃላፊ ስም ነው፤ ስሙ የሌለባት ሴት ወደ ገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ አትጠራም፤ ወደ ስብሰባ ያልተጠራች ሴት ወደ ሥልጠናም አትጠራም።

የራሷ መሬት ያላት ብቻዋን የምትኖር ሴትም ብትሆን ያው ነው። በሬ ስለሌላት ለእኩል አራሽ ትሰጣለች። አዲሱ ዘር፣ ማዳበሪያው፣ ምክሩ የሚሄደው ለአራሹ ነው። ከአባሎቻችን ውስጥ ቢያንስ ግማሹን ምርት የምትካፈልበት መሬት ላይ ምን ዓይነት ስንዴ እንደተዘራ አጨዳ ሲደርስ የምትሰማ ሴት አለች። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን የተለጠፈበት የይዞታ ደብተር መሰጠቱ ትልቅ ለውጥ ነው፤ የሂሳብ ሰው እንደመሆኔ ከንግግር ሁሉ ይልቅ በዚያ ደብተር አምናለሁ። ምክር የሚሰጠው ሠራተኛ ግን ደብተሩን ዓይቶ አይደለም የሚመጣው፤ በሬውን ዓይቶ ነው።

ከአማራ ክልል ወጥተው በዓለም የታወቁ አንዲት የእርሻ ሳይንቲስት እንዳሉ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ። የፍኖተ ሰላም ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው የአንበጣ መንጋ ሰብል ሲጨርስ ያዩትን አልረሱም። ዓለማያ ገብተው በ1971 ዓ.ም. ተመረቁ፤ አሜሪካ ሄደው በዕፅዋት በሽታ ዶክትሬታቸውን ያዙ፤ ኮሎምቢያ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተመራመሩ። በ2006 ዓ.ም. ናይሮቢ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል (ኢሲፔ) በዋና ዳይሬክተርነት ለመምራት የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ በዚያው ዓመት የሎሬያል ዩኔስኮ የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ተሰጣቸው። ስለ እሳቸው ብዙ ስለተጻፈ አላረዝመውም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ እንዲህ ያለች ሴት ከእኛ መካከል መውጣቷ በየቀበሌው ያለውን ጉዳይ አይፈታውም። አንድ ሰው ከፍ ሊል ይችላል፤ የቀበሌው ቅጽ ግን እንዳለ ይቆያል።

ቅጹ የተነካካው በ1993 ዓ.ም. ገደማ ነው። መንግሥት በየክልሉ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችን ከፈተ፤ በእኛ ክልል ኮምቦልቻ፣ ወረታና ቡሬ ከእነሱ ውስጥ ናቸው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የልማት ሠራተኞች በዲፕሎማ ወጡ። ዋናው ነገር፣ ሴት ተማሪ በ«ቤት» በር ሳይሆን በሰብል፣ በእንስሳት ወይም በተፈጥሮ ሀብት ስም መግባቷ ነው። ከእኔ ጋር አሥረኛ ክፍል ከጨረሱት ልጆች መካከል እኔ ሂሳብ ደረሰኝ፣ አንዷ ጓደኛዬ ሰብል ደረሳት። ያን ጊዜ የምታለቅሰው እሷ፣ የማጽናናት እኔ ነበርኩ።

የተመደበችው ከቤተሰቧ ራቅ ባለ ወረዳ ነው። የመጀመሪያው ወር ላይ ማሳ ዳር ስትደርስ አንድ አባወራ በሬዎቹን አቁሞ «በይ እስቲ እርፉን ያዥውና አሳዪን» አላት። ሰዉ ሳቀ። እሷ አልያዘችውም፤ «እኔ የመጣሁት ስለሚዘራው ልነግርዎት ነው አባባ፣ እርስዎ ማረሱን ከእኔ ይበልጣሉ» ብላ አለፈች። ከእሷ ጋር የተመደቡት ሁለቱ ወንዶች አንዱ ደብረ ብርሃን ያደገ፣ ሌላው ደሴ ያደገ ነው። ሁለቱም በሕይወታቸው እርፍ ነክተው አያውቁም። ማንም ያዙት አላላቸውም።

ሥራው ሲከፋፈል «የሴቶች ፓኬጅ» ለእሷ ሆነ፤ ዶሮ፣ ጓሮ አትክልት፣ የተሻሻለ ምድጃ። የተማረችው ስንዴ ነበር። የቤት ኢኮኖሚክስ ስሙን ቀይሮ በኋላ በር እንደገባ ይገባችኋል። ስብሰባ የሚጠራው ደግሞ በሬ በማይጠመድበት ቀን፣ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔዓለም፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ነው። ለወንዱ ያ ቀን የዕረፍት ቀን ነው፤ ለሴቷ ግን ጠላና ዳቦ የምታሰናዳበት፣ እንግዳ የምትቀበልበት፣ ከአዘቦቱ የባሰ ቀን ነው። ስለዚህ ሴቶች ስብሰባ አይመጡም ተባለ፤ ሪፖርቱም ላይ «ተሳትፎ ዝቅተኛ» ተብሎ ተጻፈ።

ጓደኛዬ ይህን ስትረዳ ስብሰባውን ትታ ወደ ውኃ መቅጃውና ወደ እህል ወፍጮው መሄድ ጀመረች። ወፍጮ ቤት ወረፋ አለ፤ ወረፋ ካለ ጊዜ አለ። በ2003 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አገር ምድሩን ቢጫ ዋግ የመታው ጊዜ ትዝ ይላችኋል፤ በተለይ ኩብሳ የሚባለውን ስንዴ የዘሩ ሰዎች አለቀሱ። ዋጉ ሲጀምር በማሳው መካከል ጥቂት ቅጠል ላይ ስለሆነ ከዳር ለሚያይ አይታይም። በስንዴው መካከል ለአረምና ለከብት ሣር የሚገቡት ሴቶች ግን ቀሚሳቸው ላይ ቢጫ ዱቄት ይዘው ይወጣሉ። ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ የአንዷን ቀሚስ ዓይታ ከየትኛው ማሳ እንደመጣች ጠየቀቻት፤ ከዚያም የሌሎቹን። በዚያው ቀን ለወረዳው ደወለች። መድኃኒት ደርሶላቸው የረጩ ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም አልዳነም፤ መድኃኒቱም ለሁሉም አልበቃም። ከዚያ በኋላ እርፉን ያዥ ያላት አባወራ ራሱ «ልጄ» እያለ ቤቱ ይጠራት ጀመር።

ይህን የምጽፈው እሷ ከወንዶቹ በለጠች ለማለት አይደለም። ወንዶቹ ሠራተኞች ሴቶቹ ወረፋ የሚጠብቁበት ወፍጮ ቤት ገብተው ስለ ቀሚስ ቢጠይቁ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ያ መረጃ በዚያ ቀበሌ ሊደርስ የሚችለው በሴት ሠራተኛ በኩል ብቻ ነበር፤ ከሦስቱ አንዷ ሴት በመሆኗ ደረሰ። ሦስቱም ወንዶች በሆኑበት ቀበሌ ቢጫው ዱቄት ከቀሚሱ ጋር ታጥቧል።

አሁን ሥራውን ትታለች። ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ የምትኖርበት የጣቢያው ክፍል መብራትም ውኃም አልነበረውም፤ ባሏ ሌላ ወረዳ ይሠራል፤ ዝውውር ጠይቃ ሦስት ዓመት ጠበቀች። ዛሬ የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ውስጥ ትሠራለች፤ ደመወዟም ደህና ነው። በእሷ ቦታ የተተካው ወንድ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው ይላሉ። ሴቶች ወደዚህ ሙያ አይገቡም ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ የማውቃቸው ገብተው ነው የወጡት። የገቡበትን ቁጥር የሚይዝ አለ፤ የወጡበትን ምክንያት የሚይዝ አላየሁም።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ነገር ከሰነዶቼ ላካፍል። ከዚህ በፊት ሂሳቡን በያዝኩለት አንድ የሌላ ወገን ፕሮጀክት የሦስት ቀን የስንዴ ዘር ብዜት ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር። የአበል መክፈያው ላይ ከላይ እስከ ታች የወንድ ስም ነው፤ የአውራ ጣት አሻራ እንኳ የሴት አልነበረበትም። የሥልጠናው ርዕስ ግን ዘር መምረጥ፣ ማበጠርና ማስቀመጥ ነበር። በአገራችን ሰፌድ የሚይዝ ማን እንደሆነ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። ሰነዱ የተሟላ ስለነበረ ከፈልኩ፤ በሂሳብ በኩል አንዳች ጉድለት የለበትም።

ማኅበራችን በራሱ ሥልጠና ላይ የወሰናቸው ነገሮች ከዚህ የመጡ ናቸው። ጥሪው ለ«ቤተሰብ ኃላፊ» ሳይሆን በደብተሩ ላይ ፎቶግራፏ ላለባት ሴት በስሟ ይሄዳል። በበዓል ቀን አንጠራም። ከእንጀራ ጋገራ በኋላ፣ ለሁለት ሰዓት ብቻ፣ በሦስት የተለያዩ ቀናት ይሰጣል፤ ከአንድ ሙሉ ቀን ይልቅ የሻይና የዳቦ ወጪው በመጠኑ ይበልጣል፣ የተሳታፊው ቁጥር ግን እጥፍ ሆኗል። ሕፃን የምትይዝ አንዲት ሴት በቀን ሂሳብ እንቀጥራለን። ይህን ወጪ «ልዩ ልዩ» በሚል ርዕስ እንድይዘው ሐሳብ ቀርቦልኝ ነበር፤ «የሥልጠና ወጪ» ብዬ ይዤዋለሁ፤ ያለሱ ሥልጠናው አይካሄድምና።

ለጥያቄ መልስ የምትሰጥ ሴት ባለሙያ በአካባቢያችን በማትገኝበት ጊዜ፣ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛም የሚሠራው የገበሬዎች የስልክ መስመር 8028 እንዳለ ለማስታወስ እወዳለሁ። በነፃ ነው፣ በራስ ስልክ ነው፣ ወጥ እያማሰሉም መስማት ይቻላል። ስልኩን ባልዎ ይዞት ከሄደ ግን ያው ነው።

የሚቀጥለው ሥልጠና በመረሬ አፈር ላይ ስለ ምስርና ስለ ስንዴ አዘራር ነው። የቢቢኤም አጠቃቀምም በማሳ ላይ ይታያል፤ በጥንቱ የእጅ አሠራር መደብ ያወጡ የነበሩ ሁለት የጅሩ እናቶች የውኃ አወራረዱን እንዲያሳዩን ለምነናቸው እሺ ብለዋል። አበላቸው ከሌሎቹ አሠልጣኞች እኩል ተይዟል። መመዝገቢያው ጽሕፈት ቤታችን ሲሆን የራሳችሁን ስምና የአባታችሁን ስም ይዛችሁ ኑ።